የብርዱን ወራት በአሪዞና በረሃ፦ ለጡረተኞች፣ በአርቪ

ጥያቄ፣ ከሚኒያፖሊስ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴና እኔ ጡረታ ወጥተናል፤ 28 ጫማ የሆነ ያገለገለ አርቪ፣ መኖሪያ ያለው መኪና፣ አለን። ከኅዳር እስከ መጋቢት ኳርትዛይት አካባቢ መቀመጥ አስበናል። እሷ ዜጋ ናት፣ እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ሁለታችንም ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና መድን፣ አለን፤ እኔ ስኳር አለብኝ። እንጀራም እዚያው መጋገር እንፈልጋለን። ከመነሳታችን በፊት ምን እናስተካክል?

መልስ፣ ከፊኒክስ
ጋሼ፣ ቦታው ጥሩ ነው። አሪዞና ሁሉ ሙቅ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ፍላግስታፍ ግን 2,100 ሜትር ላይ ያለ ደጋ ነው፣ በጥር በረዶ ይጥልበታል። ኳርትዛይትና ዩማ ቆላ ናቸው። በጥር ቀኑ ወደ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፣ ሌሊቱ ወደ 5 ይወርዳል፤ አልፎ አልፎ ውሃ የሚያረጋ ሌሊትም አለ። የውሃ ጎማችሁን ማታ ማታ ንቀሉት።

መሬቱ አብዛኛው የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ፣ ቢኤልኤም የሚሉት፣ ነው። ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለ። በነፃው ቦታ በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን ብቻ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ቢያንስ 25 ማይል ርቆ መሄድ ግድ ነው። ለእናንተ የሚሻለው ላ ፖሳ የሚባለው የረጅም ጊዜ ሰፈር ነው። ፈቃዱ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ያገለግላል፤ ዋጋው ለብዙ ዓመታት 180 ዶላር፣ ለ14 ቀን ደግሞ 40 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። የዘንድሮውን ከቢሮው አጣሩ። በአንዱ ፈቃድ ዩማ አጠገብ ወዳለው ኢምፔሪያል ዳም መዛወርም ይቻላል። ላ ፖሳ ደቡብ ላይ የመጠጥ ውሃና የፍሳሽ መድፊያ አለ፣ መብራት ግን የለም።

ስትቆሙ አሸዋማ የሆነውን ደረቅ የወንዝ መሄጃ ሽሹ። መኪና ለማቆም የተመቸ ሜዳ ይመስላል፤ ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ፀሐይ ባለበት ይደርሳል።

መልስ፣ ከላስ ቬጋስ
ስለ ምጣዱ እኔ ልመልስ፣ ሰው ባትሪውን የሚገድለው በዚህ ነው። እዚህ አገር የምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ይስባል። በ12 ቮልት ባትሪ በኢንቨርተር፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚለውጠው መሣሪያ፣ ሲሆን ወደ 140 አምፔር ማለት ነው። 200 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው 2,560 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሆነ አንድ ጋገራ ሊጨርሰው ይደርሳል። በተለመደው የእርሳስ ባትሪማ አይሞከር፤ ከግማሽ በታች ባወረዱት ቁጥር ዕድሜው ያጥራል።

ስለዚህ ለጋገራ 2,000 ዋት ጄኔሬተር ይኑራችሁ። ያለማቋረጥ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ 1,600 ዋት ስለሆነ ምጣዱ ሲሠራ የባትሪ ቻርጀሩንና የውሃ ማሞቂያውን አጥፉ። ወይም በየሁለት ሳምንቱ መብራት ያለው የአርቪ ማቆሚያ ፓርክ አንድ ሌሊት እደሩና ጋግራችሁ ተመለሱ። የ30 አምፔር መስመር 3,600 ዋት ይችላል፤ ምጣድ፣ ማሞቂያና ማይክሮዌቭ አንድ ላይ ከሆኑ ግን መብራቱ ይቋረጣል።

ሊጡ በዚያ ብርድ ሌሊት ቶሎ አይቦካም፤ ከወለሉ አንስታችሁ ሞቅ ያለ ቁም ሳጥን ውስጥ አድርጉት፣ አንድ ቀን ጨምሩለት። የበረሃው አየር ደረቅ ስለሆነ እንጀራው ሰፌድ ላይ እያለ ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ወዲያው በጨርቅ ሸፍኑት። የሊጥ ዕቃ ስታጥቡ ቅሪቱን ጠርጋችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ፤ የፍሳሽ ታንኩ ውስጥ ከገባ ይረጋል፣ ይሸታልም። ቡና ውጭ ቁሉ፣ ጭሱ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል። ጤፍ ቬጋስም ፊኒክስም ሞልቷል፤ ፊኒክስ ከእናንተ የ2 ሰዓት መንገድ ነው፣ ለገናና ለጥምቀት ስትመጡ ሸምቱ።

ሶላር ካላችሁ ፓነሉን አዘንብሉት። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 33 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትወጣው፤ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ፓነል ቀጥታ ብርሃኑን በግማሽ ገደማ ያጣል። ወደ ደቡብ 55 ዲግሪ ያህል ቢዘነብል ጥሩ ነው።

ጥያቄ፣ ከሚኒያፖሊስ
እግዜር ይስጥልኝ። የሌሊቱ ማሞቂያስ?

መልስ፣ ከላስ ቬጋስ
የአርቪው ማሞቂያ ፕሮፔን ያቃጥላል፤ አየር የሚነፋው ማራገቢያ ግን ከባትሪ ከ7 እስከ 8 አምፔር ይወስዳል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ማሞቂያ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ጋዝ አልቆ ሳይሆን ባትሪ ደክሞ ነው። ባለ 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ማሞቂያ በአንድ ጋሎን 3 ሰዓት ይሠራል፤ ባለ 20 ፓውንዱ ሲሊንደር ወደ 14 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ያለ መብራት የሚሠሩት ትንንሾቹ የጋዝ ማሞቂያዎች ደህና ናቸው፣ ግን መስኮት ገርበብ ይበል፤ ተኝታችሁ አታብሩት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ጀርባ ላይ የአገልግሎት ማብቂያው ተጽፏል፤ ያገለገለ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ያለፈበት ነው።

መልስ፣ ከቱሳን
እኔን የሚያሳስበኝ ጤናው ነው። ሜዲኬራችሁ የትኛው ነው? ኦሪጅናሉ ከሆነ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ጋ የትም ስቴት መታከም ትችላላችሁ። አድቫንቴጅ፣ በግል የመድን ኩባንያ በኩል የሚሰጠው፣ ከሆነ ግን፣ በተለይ በራሱ ሐኪሞች ብቻ የሚያሳክመው ኤችኤምኦው፣ ከአካባቢያችሁ ውጭ የሚሸፍነው ድንገተኛና አስቸኳይ ሕክምናን ነው። ከ6 ወር በላይ በተከታታይ ከአካባቢው ከራቃችሁም ፕላኑ ሊያስወጣችሁ ይችላል፤ የላ ፖሳ ወቅት 7 ወር መሆኑን ልብ በሉ። መቀየሪያው ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው። ወደ ኦሪጅናሉ ለመመለስ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ማሟያ ኢንሹራንሱ ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ በሕመም ምክንያት ሊከለክል ይችላል።

ሁለተኛው ቫሊ ፊቨር ነው። አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ነው፣ ከአቧራ ጋር ይተነፈሳል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል፤ ጥቁር ሕዝቦች ላይ ግን ከሳንባ አልፎ ወደ ሌላ አካል የመሰራጨት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፣ ስኳር ያለበትም ሰው ሳንባው ላይ ይጠናበታል። ጋሼ፣ እርስዎ ሁለቱም አለብዎት። ምልክቱ ከ1 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ይመጣል፦ ሳል፣ ትኩሳት፣ የማይለቅ ድካም፣ የሌሊት ላብ። ራጅ ላይ ቲቢ ወይም ካንሰር ሊመስል ይችላል፤ ከእኛ አገር የመጣ ሰው ላይ ደግሞ ሐኪሙ መጀመሪያ ቲቢን ነው የሚጠረጥረው። ሚኒሶታ ተመልሳችሁ ካሳላችሁ «አሪዞና ከርሜአለሁ፣ የቫሊ ፊቨር የደም ምርመራ እዘዙልኝ» በሉ። ነፋስ ሲነሳ መስኮት ዝጉ፤ መሬት የምትቆፍሩ ወይም የምትጠርጉ ከሆነ ኤን95 ማስክ አድርጉ።

ባዶ እግር አይሂዱ። ቾያ የሚባለው ቁልቋል በትንሽ ንክኪ ይጣበቃል፤ እግሩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ እሾኹን ሳያውቀው ቁስል ያደርገዋል። በእጅ አይነካም፣ በማበጠሪያ ፈንጥሮ ማውጣት ነው። ኢንሱሊኑን ቀን በፀሐይ የተዘጋ አርቪ ውስጥ አይተዉት።

መልስ፣ ከሳንዲያጎ
ግሪን ካርዱን ቤት ትተው እንዳይመጡ። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ይዞት መዞር በሕግ ግዴታ ነው፤ ከዩማ ወደ ሰሜን በሚወጣው 95 መንገድ ላይም የድንበር ጠባቂዎች ኬላ አለ።

ብዙ ጡረተኛ ለጥርስና ለመነጽር ከዩማ አጠገብ በአንድራዴ በኩል ወደ ሎስ አልጎዶኔስ፣ ሜክሲኮ፣ በእግር ይሻገራል። ለመመለስ እትዬ የአሜሪካ ፓስፖርት ወይም የፓስፖርት ካርድ፣ እርስዎ ጊዜው ያላለፈ ግሪን ካርድ ያስፈልግዎታል፤ ለሜክሲኮ ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎም ጊዜው ያላለፈ ይሁን። ይህን የሚያነብ ጥገኝነት ጠይቆ ገና ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ካለ ድንበሩን አይሻገር፤ ማመልከቻው እንደተተወ ሊቆጠር ይችላል።

መልስ፣ ከፊኒክስ
ጎማ ረሳን። ጎኑ ላይ DOT ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ 4 ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2318 ማለት የ2018 23ኛ ሳምንት ነው። የአርቪ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይና በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ ከ6 ዓመት ካለፈ ለዚያ ርቀት አትመኑት። የሽንት ቤቱን ታንክ ቫልቭ ደግሞ ሁልጊዜ ዝጉት፣ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ብቻ ድፉ፤ ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ይሄዳል፣ ደረቁ ይከመራል። የዕቃ ማጠቢያውንም ውሃ ቢሆን ላ ፖሳ ላይ መሬት ላይ ማፍሰስ ክልክል ነው።