ቆሜ ሳለ ከኋላ ተገጨሁ፣ የጥፋተኛው ኢንሹራንስ ኪራይ መኪና አልሰጥም አለኝ (ቨርጂኒያ)

ካምሪ ዘአሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመኪና ክሌም (ከኢንሹራንስ ካሳ የመጠየቅ) ነገር የምታውቁ እስቲ እርዱኝ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ሌስበርግ ፓይክ ላይ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ጋ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ነበር። ከኋላዬ ሆንዳ፣ ከሆንዳው ኋላ ፒክአፕ አለ። ፒክአፑ ፍሬን ሳይዝ ቀርቶ ሆንዳውን ገጨው፣ ሆንዳው ደግሞ እኔ ላይ ወጣ። ሰው አልተጎዳም ተመስገን፤ እኔ ብቻ አንገቴን ትንሽ ይዞኛል። ፖሊስ መጥቶ ለፒክአፑ ሹፌር ቲኬት ሰጠው።

መኪናዬ 2019 ካምሪ ሃይብሪድ ናት። የኋላ ፓራውልቷ ገብቷል፣ የሻንጣው ክዳን አይዘጋም፣ የግራው የፍሬን መብራት ረግፏል። አሁን ቦዲ ሾፕ (የተገጨ መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ) ቆማለች። ቤቴ የሚተዳደረው በእሷ ነው፣ ኡበር ነው የምሠራው።

የፒክአፑን ኢንሹራንስ በደወልኩ ቁጥር "ደንበኛችንን ገና አላገኘነውም፣ ምርመራ ላይ ነን" ይሉኛል። ጥፋቱን እስኪቀበሉ ድረስ ኪራይ መኪና የለም። የሆንዳው ኢንሹራንስ "እኛን አይመለከተንም" ብሎ ዘጋኝ። የራሴ ፉል ካቨሬጅ ነው (የራሴንም መኪና ይሸፍናል)፣ ዲዳክተብሉ (መጀመሪያ ከኪሴ የምከፍለው) 1,000 ዶላር፣ ሬንታል (የኪራይ መኪና ሽፋን) ግን የለውም። በዚያ ላይ የኡበር አፑ በርቶ ነበር፤ ተሳፋሪ አልያዝኩም፣ ጥሪም አልመጣልኝም፣ እየጠበቅሁ ነው። ኢንሹራንሴ ደግሞ ተራ የግል ነው።

በራሴ ልሂድ ወይስ እነሱን ልጠብቅ? ከኪሴ ተከራይቼ በኋላ ክፈሉኝ ብል ያስኬዳል? ሥራ የፈታሁበትንስ ማን ይከፍለኛል?

ዳዊት፦

አይዞህ ወንድሜ፣ እንኳን ነፍስህ ተረፈች፣ ብረት ይተካል። እኔ ብሆን የራሴን ኢንሹራንስ ነው የምደውለው። ዲዳክተብሉን ከፍለህ መኪናህን ታወጣለህ፣ እነሱ ከፒክአፑ ጋር ተከራክረው ያስመልሱልሃል። ስለ አፑ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ባዶህን አልነበርክ? ወደ ቤቴ እየገባሁ ነበር በላቸው፣ ማን አይቶሃል።

ሰብለ ዘስፕሪንግፊልድ፦

ዳዊት፣ ለወንድምህ ተቆርቁረህ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ይሄ ምክር ሰው ያስበላል። ቦዲ ሾፕ ውስጥ ግምት የምጽፈው፣ አጀስተሮች (ክሌም የሚመረምሩ የኢንሹራንስ ሠራተኞች) ሲደውሉም የማነጋግራቸው እኔ ነኝ። የኡበር ምልክት መስታወቱ ላይ ካዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት አፑ በርቶ እንደነበር ነው። የበራበትና የጠፋበት ሰዓት ደግሞ ኡበር ጋ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ዋሽቶ የተገኘ ሰው ክሌሙን ብቻ አይደለም የሚያጣው፣ ፖሊሲውም ሊሰረዝበት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ በደህና ዋጋ የሚቀበለው አያገኝም።

ደግሞ ውሸቱ ለዚህ ሰው ምን ይሠራለታል? አፑ መብራቱ የሚጎዳው ከራሱ ኢንሹራንስ ጋር ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የግል ኢንሹራንስ አፕ በርቶ ለደረሰ አደጋ አልከፍልም የማለት መብት አለው፣ ራይድሼር የሚባለው፣ የኡበር ዓይነት ሥራን የሚሸፍን ጭማሪ ካልገባበት በቀር። ኡበር በበኩሉ ጥሪ ተቀብለህ እየሄድክ ወይ ሰው ይዘህ ከሆነ ነው መኪናህን የሚያይልህ፤ ያውም የራስህ ኮሊዥን (የራስህን መኪና የግጭት ጉዳት የሚሸፍን) ካለህ፣ 2,500 ዶላር ዲዳክተብል ቀንሶ። ጥሪ እየጠበቅክ ከሆነ ለሌላ ሰው ጉዳት የተወሰነ ሽፋን አለው፣ ለአንተ መኪና ግን ምንም። አንተ የተገጨኸው እዚያች ክፍተት ውስጥ ሆነህ ነው።

የፒክአፑ ኢንሹራንስ ግን አፕህ ይብራ ይጥፋ አያገባውም። ደንበኛው የቆመ መኪና ገጭቷል፣ ስለዚህ እሱን ያዝ።

ታዲያ ለምን ያንቀራፍፉሃል ብትል፣ መኪናው ሦስት ስለሆነ ነው። "ምርመራ ላይ ነን" ሲሉህ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ሆንዳው ቀድሞ ገጭቶህ ቢሆንልን ነው። ስለዚህ እስቲ ረጋ ብለህ አስታውስ፣ መኪናህ የተመታችው አንዴ ነው ሁለቴ? አንዴ ከሆነ ሆንዳው ቆሞ ነበር፣ ፒክአፑ ነው ገፍቶ ያመጣብህ፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው። ሁለቴ ከሆነ ግን ሆንዳው መጀመሪያ በራሱ ገጭቶህ፣ ፒክአፑ መጥቶ ደገመህ ማለት ነው። ያኔ ሁለቱ ኢንሹራንሶች ሲጓተቱ አንተ በአውቶቡስ ትመላለሳለህ። ኡበር የሚሠራ ሰው ካሜራ አያጣም፤ ወደ ኋላ ባይቀርጽ እንኳ ድምፁ ይነግርሃል። ዛሬውኑ ቪዲዮውን ወደ ሌላ ቦታ ቅዳው፣ ካርዱ ሲሞላ በላዩ ላይ ይቀርጽበታል። ከዚያ ከፖሊስ ሪፖርቱ ቁጥር ጋር በኢሜይል ላክላቸው። በስልክ የተባለ ነገር ነገ ሌላ አጀስተር ሲያነሳው የለም።

ኪራዩን በተመለከተ ሕጉ ከአንተ ጋር ነው። በቨርጂኒያ ኮድ 8.01-66 መሠረት መኪናህን ያበላሸብህ ሰው ከጥገናው ሌላ፣ መኪናህን ባጣህበት ጊዜ ያንን የምታህል መኪና ለመከራየት ያወጣኸውን ተገቢ ወጪ መክፈል አለበት። ቁጥሩን ኢሜይሉ ላይ ጻፈው፤ ሲጠቀስላቸው አነጋገራቸው ሲለዝብ ስንቴ አይቻለሁ። ከኪስህ ተከራይተህ መጠየቅ ትችላለህ፣ ግን ለእውነተኛ ወጪ ነውና ደረሰኙን ሁሉ ያዝ። ሽንጠ ረጅም ሱቪ ተከራይተህ ለካምሪ ክፈሉ ብትል ልዩነቱ ያንተ ነው። ጥፋቱ ወደ ሆንዳው ከዞረም ገንዘቡ እስኪመለስ መቆየቱ አይቀርም። እኔ ብሆን ቪዲዮው አንድ ምት ካሳየ እከራይ ነበር፣ ሁለት ከሆነ ትንሽ እታገሣለሁ።

የማትገምተው አንድ ነገር ልንገርህ። ሰውየው የሕጉን ዝቅተኛ ፖሊሲ ከያዘ ለንብረት ጉዳት ያለው ጣሪያ 25,000 ዶላር ነው (እስከ 2024 መጨረሻ 20,000 ነበር)። የሆንዳው ጥገና፣ ያንተ ጥገና፣ የሁለታችሁም ኪራይ ከዚያችው ነው የሚወጣው። ሆንዳው ከፊትም ከኋላም ስለተጨፈለቀ ቶታል (መጠገኑ የማያዋጣ) ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቀድሞ ሰነድ ያስገባ ይሻለዋል።

መጀመሪያ የተጻፈልህን ግምትም አትመን። እሱ ዓይን ያየውን ብቻ ነው። ፓራውልቱ ሲፈታ ከውስጥ ያለው ብረት ታጥፎ ይገኛል፣ የሻንጣው ወለል ተጨማዶ ይገኛል፤ ብላይንድ ስፖት (በመስታወት የማይታይ መኪና ሲመጣ የሚጠቁም) ካላት ራዳሮቹ እዚያው ጥግ ላይ ናቸው፣ የታሰሩበት ብረት ትንሽ ከተጣመመ በኮምፒውተር እንደገና መስተካከል አለባቸው። ቦዲ ሾፑ ይሄን ሁሉ ሰፕልመንት (ተጨማሪ ግምት) ብሎ ይልካል፣ አጀስተሩ እስኪፈቅድ መኪናዋ ተፈታትታ ትቆማለች። የኪራይህ ቀን በመጀመሪያው ግምት ከተቆረጠ በመሃል ይቋረጥብሃል። ሰፕልመንት በተላከ ቁጥር "ኪራዬም ይራዘም" ብለህ ጻፍ፣ ቦዲ ሾፑ ያደርግልኛል ብለህ አትቀመጥ።

እነሱ በሰጡህ ኪራይ መኪና ኡበር እንዳትሠራ። ውሉ ይከለክላል፣ ብትገጭ ማንም አጠገብህ አይቆምም። የቀረብህን ገቢ ለብቻው ጠይቅ፤ የኡበርን ሳምንታዊ መግለጫ፣ 1099ህንና (የዓመት ገቢህን የሚያሳየውን ፎርም) የታክስ ወረቀትህን አያይዝ። ቤንዚኑ ተቀንሶ እጅህ ላይ የሚቀረውን ነው የሚያዩት። ይከራከሩሃል፣ ግን ወረቀት ያለው ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ብዙ አላየሁም።

እማማ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰብለ አንጀቴን አራሰችው። እኔ የምጨምርልህ ልጄ፣ የሰውየው ኢንሹራንስ ደውሎ "ድምፅህን እንቅዳ" ቢልህ ግዴታ የለብህም፣ በጽሑፍ እመልሳለሁ በል። ቨርጂኒያም እኛ ሜሪላንድም ሕጉ ክፉ ነው፤ አንድ ፐርሰንት ጥፋት ካለብህ ምንም አላገኘህም ማለት ነው። እኛ ደግሞ ሲያመናጭቁን "እኔም ይቅርታ፣ ድንገት ሳላቆም አልቀርም" ማለት እንወዳለን። ጨዋነቱን ለቤተ ክርስቲያን አቆየው።

አንገትህንም ሐኪም ይይልህ። የመኪናውን ቼክ ሲልኩ "ሁሉንም ጉዳይ ጨርሻለሁ" የሚል ወረቀት ከመጣ እንዳትፈርም። ቨርጂኒያ ለሰውነት ጉዳት ለመክሰስ ሁለት ዓመት ነው የምትሰጠው።

ካምሪ ዘአሌክሳንድሪያ፦

እማማ፣ ሰብለ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዳዊት አንተም ተባረክ፣ አልሰማሁህም እንጂ 😄

ካሜራውን ከፍቼ ሰማሁት። መጀመሪያ ራቅ ብሎ አንድ ድምፅ ይሰማል፣ ወዲያው የእኔ መኪና ትነቃነቃለች፣ መስቀሉ መስታወቱ ላይ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ጸጥ። ያ የመጀመሪያው ፒክአፑ ሆንዳውን ሲገጭ ነው መሰለኝ፣ እኔን የመታኝ አንዴ ነው። ቪዲዮውን፣ የሪፖርት ቁጥሩንና ያልሽኝን አንቀጽ በአንድ ኢሜይል ላክሁ። ዛሬ ጠዋት አጀስተሯ ራሷ ደወለችና ጥፋቱን ተቀብለናል አለች፣ ኪራዩንም በቀጥታ እነሱ ይከፍላሉ። ሰፕልመንቱም፣ ሰብለ፣ እንዳልሽው መጣ፣ የውስጡ ብረት ታጥፏል።

አሁን ያለው ችግር ሌላ ነው። ኪራይ ቤቱ "ያለን ይሄ ብቻ ነው" ብሎ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ሰጠኝ። አፓርታማዬ ቻርጀር የለውም፣ ቻርጅ ስጠብቅ እያመሸሁ ነው። ዝም ብዬ ልያዛት?

ሰብለ ዘስፕሪንግፊልድ፦

መልሳት። ቤትህ መሙላት የማትችለው መኪና ካምሪህን አይተካም። ለአጀስተሯ ዛሬውኑ "በቤንዚን የሚሄድ መካከለኛ መኪና" ብለህ ጻፍላት፣ ለኪራይ ቤቱ ትደውላለች፤ ሌላው ቅርንጫፍ አያጡም። ስትመልሳት ዙሪያዋን ቪዲዮ አንሳ፣ የባትሪውንም መጠን ጭምር፣ ባዶ መለስክ ብለው ክፍያ ይጨምሩብሃል።

ደሞ ካምሪዋ ውስጥ የልጅ ወንበር ታስሮ ከነበረ አዲስ እንዲገዙልህ ጠይቅ። ልጁ ባይቀመጥበትም መካከለኛ ወይ ከባድ ግጭት ያለፈበት ወንበር ይተካል፤ ፎቶውንና የአዲሱን ደረሰኝ ላክላቸው።