ብሮንቾ ቢሊ በ1903ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልም ላይ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» በሚባለው ድምፅ አልባ ፊልም ላይ የካውቦይ ፊልም ተዋናዩ ብሮንቾ ቢሊ አንደርሰን አለበት ይባላል። የቱ ጋ ነው የሚታየው? ደግሞስ ሰው ሁሉ እየተጣደፈ የሚሄደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሦስት ሚና ነው የተጫወተው። ለመለየት የሚቀለው ተሳፋሪዎቹ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው የተሰለፉበት ቦታ ነው፤ ከሰልፉ ወጥቶ ሊያመልጥ ሲል ከጀርባው ተመቶ የሚወድቀው እሱ ነው። ጭፈራው ላይ እግሩ ሥር እየተኮሱ የሚያስጨፍሩትም እሱ፤ ከዘራፊዎቹም አንዱ ነው። ወደ ካሜራው የሚተኩሰው ግን ጀስተስ ባርነስ ነው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

መልስ፦ ጥድፊያው የማጫወቻው ጣጣ ነው፤ ፊልሙ ከተቀረጸበት ፍጥነት በላይ ሲጫወት ሰው የሚጣደፍ ይመስላል። 1,000 ጫማ የ35 ሚሊሜትር ፊልም 16,000 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) አለው፤ በሴኮንድ 16 ከሄደ 16 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይፈጃል፣ በ24 ከሄደ 11 ደቂቃ ገደማ። ካሜራው በእጅ ይዘወር ስለነበር አንድ ቋሚ ፍጥነት የለውም። በ16 ጀምር፣ እርምጃው ከተንቀረፈፈ ወደ 18 ከፍ አድርገው።

መልስ፦ ያኔ ገና «ብሮንቾ ቢሊ» አልነበረም። በ1907 እ.ኤ.አ. ከጆርጅ ስፑር ጋር ቺካጎ ላይ ኤሳኔይ የተባለውን የፊልም ኩባንያ አቋቋመ (ስሙ የስፑር «ኤስ» እና የአንደርሰን «ኤ» ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም)፤ «ብሮንቾ ቢሊ» የሚለውን ስም የተከለው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1916 ድርሻውን ሸጠ፤ የክብር ኦስካሩ የመጣው በ1958 ነው።