የአንቲቫይረስ ፈተና ውጤት፦ የቱን እንመን? የራሳችንንስ እናውጣ?

ለመሥሪያ ቤት የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል ብላችሁ ለጠየቃችሁ፦ ምርቱን ከመምረጣችሁ በፊት ፈታኙን እወቁ። ሻጩ በብሮሸሩ ላይ የሚደረድራቸው ሽልማቶች ብዙዎቹ አንቲቫይረስን ከሚፈትኑ፣ ከታች ከማነሳቸው ዓይነት ላቦች የመጡ ናቸው።

የጀርመኑ ኤቪ-ቴስት ለመከላከል አቅም፣ ለፍጥነትና ለአጠቃቀም ለእያንዳንዳቸው እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ18 ይታሰባል። ለቸኮለ ሰው ይሄ ይበቃዋል።

የእኔ ምርጫ ግን የኦስትሪያው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ ነው። በማልዌር (የጎጂ ሶፍትዌር) መከላከል ፈተናው፣ ምርቱ ኔት እያለ ስንት እንደያዘና ኔት ሲጠፋ ስንት እንደያዘ ለየብቻ ያስቀምጣል። ኔት በሚቆራረጥበት፣ አንድ ፍላሽ ቢሮውን ሁሉ በሚዞርበት ቦታ መጀመሪያ መታየት ያለበት የኦፍላይኑ ቁጥር ነው። ኦንላይን ተቀራርበው የሚታዩ ምርቶች እዚያ ጋ ሲደርሱ በሰፊው ይለያያሉ። ጤነኛ ፋይል ቫይረስ ነው ብለው የያዙበትንም ይቆጥራል። ደመወዝ በሚሠራበት ቀን የሂሳብ ሶፍትዌሩ ሲታገድ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ጥቅሙ ይገባዋል።

ምርቶችን የሚፈትነው የአሜሪካው ድርጅት ማይተር ደግሞ ነጥብም ደረጃም አይሰጥም፤ ያየውን ዘርግቶ ያሳያል። ጠንካራ የአይቲ ቡድን ላለው ባንክ እንጂ ለትንሽ ቢሮ አልመክረውም።

ታዲያ በላብ ብቻ አትተማመኑ። በ2015 እ.ኤ.አ. የቻይናው ቺሁ 360 ለፈተና በላከው ምርት ላይ ቢትዲፌንደር ከተባለ ሌላ አምራች የመጣ ኢንጂን (ቫይረስ የሚለየው ክፍል) በርቶ ነበር። በዋናው ገበያው ተጠቃሚው እጅ በሚገባው ላይ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሦስት ላቦች በአንድነት የዓመቱን ሰርተፍኬቶቹን ሰረዙበት።

ለዚህ ነው ገዝተው በራሳቸው ማሽን የሞከሩ መሥሪያ ቤቶች ውጤታቸውን ለሕዝብ ያውጡ የምለው። አንዱ ወራት የፈጀበትን ሙከራ ጎረቤቱ ለምን ከዜሮ ይጀምር? "ሌባ ይማርበታል" የሚል ስጋት አለ፣ ተገቢም ነው። ስለዚህ የምርቱን ውጤት እንጂ የኔትወርካችሁን አሠራር አታውጡ። ቀዳዳ ካገኛችሁ መጀመሪያ ለአምራቹ ንገሩ፤ መጠገኛ ጊዜም ስጡት። ቨርዥኑን፣ ሴቲንጉን፣ የተሞከረበትን ቀን፣ ኔት ነበረ አልነበረም የሚለውን ግን ሳትጽፉ እንዳታልፉ። ያለዚያ ቁጥሩ ለማንም አይጠቅምም።

ውሉንም አንብቡ። ያለፈቃዳችን ውጤት አይታተም የሚሉ አምራቾች አሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ፍርድ ቤት የማካፊ አንቲቫይረስ ባለቤት የነበረውን ድርጅት እንዲህ ያለውን አንቀጽ እንዳይጠቀም ከልክሎታል። እኛ ጋ ያለው መፍትሔ ቀላል ነው፦ ጨረታው ላይ እያላችሁ አንቀጹ ይውጣ በሉ። ክፍያው ካለቀ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።