ኤፍፒጂኤ እንክርዳድ ይለቅማል?

የጅሩ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ የስንዴ መልቀሚያ ልሠራ አስቤያለሁ። እናቴ ሰፌዷን ይዛ እንክርዳድና ጠጠር ስትለቅም ነው የምትውለው። ስንዴው ከላይ ሲወርድ ካሜራ ያየዋል፣ መጥፎው በአየር ተገፍቶ ይወጣል። አንዱ ጓደኛዬ «ኤፍፒጂኤ (የውስጥ ሽቦውን ራስህ እንደፈለግከው የምታዋቅረው ቺፕ) ግዛ፣ የወደፊቱ እሱ ነው» ይላል። ሌላው «ወሬ ነው» ይላል። ብሬ ደግሞ አንድ ጊዜ ለመግዛት ብቻ ነው የሚበቃው።

ጠባሴ ጥገና፦
«የወደፊቱ» ከተባለ ቆየ እኮ። የኮምፒውተር ተመራማሪው ጀራልድ ኤስትሪን የውስጥ አሠራሩን የሚቀያይር ኮምፒውተር ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የዛይሊንክስ ኩባንያ የመጀመሪያ ኤፍፒጂኤ፣ ኤክስሲ2064፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ 64 ሎጂክ ብሎክ (እንደፈለግክ የምታዋቅረው ትንሽ ክፍል) ነበረው። ስልክህ ግን ዛሬም በፕሮሰሰር ነው የሚሠራው። ሁሉን ይተካል የሚልህን አትስማ።

ያንተ ማሽን ግን ቦታው ነው። አስላው። ፍሬው 30 ሳንቲሜትር ሲወድቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሰከንድ 60 ምስል የሚያነሳ ካሜራ አንዱን ምስል እስኪጨርስ 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በዚያች ጊዜ ፍሬው 4 ሳንቲሜትር ወርዷል! ምስሉን የሚያየው ኮምፒውተር ላይ ያለው ሊኑክስ (ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ሲስተም) ሌላ ሥራ ይዞ ትንሽ ከዘገየማ አየሩ የሚመታው ጎረቤቱን ስንዴ ነው።

ኤፍፒጂኤ ምስሉ እስኪሞላ አይጠብቅም። ፒክሰሉ እንደገባ ያየዋል። በስንት ክሎክ (የቺፑ የሰዓት ምት) እንደሚወስን ደግሞ አስቀድመህ ታውቃለህ፤ ለኔ ትልቁ ነገሩ ይኼ ነው። 640 በ480 ካሜራ በሰከንድ 60 ምስል ሲልክ 18 ሚሊዮን ፒክሰል ገደማ ነው። ታንግ ናኖ 9ኬ የሚባለው የኤፍፒጂኤ ቦርድ ላይ ያለው ክሎክ 27 ሜጋኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 27 ሚሊዮን ምት ማለት ነው። በየክሎኩ አንድ ፒክሰል ብታይ እንኳ ይተርፍሃል።

ቬሪሎግ (ኤፍፒጂኤው የሚዋቀርበት ቋንቋ) ስትጽፍ ግን ሽቦ እየዘረጋህ እንደሆነ አስብ። መስመሮቹ ተራ አይጠብቁም፣ ሁሉም ባንዴ ነው የሚሠራው። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የለመደ ሰው ፍዳውን የሚያየው እዚህ ጋ ነው። ብዙዎቹ ቺፖች ደግሞ መብራት ሲሄድ ሁሉን ይረሳሉ (የኛን መብራት ታውቀዋለህ)፤ ሲመጣ ከፍላሽ ሜሞሪ እንደገና ይጭናሉ።

ሮቢት ቆላ፦
ኧረ ጋሼ፣ ልጁን አታስጨንቀው! ስንዴውን ከሚጥለው በኮንቬየር (በሚንቀሳቀስ ቀበቶ) ቀስ አድርጎ ያስኪደው፤ ራስበሪ ፓይ የምትባለዋ ትንሽ ኮምፒውተር ትበቃዋለች። ዋናው መመረቁ ነው።

ጠባሴ ጥገና፦
ለመመረቂያማ ይበቃል። ወፍጮ ቤት ሲገባ ግን ባለ ወፍጮው በሰዓት ስንት ኪሎ ይለቅማል ብሎ ይጠይቀዋል።

የጅሩ ልጅ፦
ጋሼ፣ እንክርዳዱ እኮ በቀለም ከስንዴው ብዙም አይለይም። በመጠንና በቅርጽ ነው የምትለየው እናቴ።

ጠባሴ ጥገና፦
እሱ ነው ከባዱ። ቅርጽ ለማየት ጥቂት የምስል መስመሮችን ቺፑ ውስጥ ማቆየት አለብህ፤ ብሎክ ራም የሚባለው የቺፑ ሜሞሪ ለዚያ ነው። መጀመሪያ በጥቁር ጠጠር ሞክር፣ እሱ በቀለም ይለያል። ቦርዱን ገና አትግዛ። ቬሪሌተር (የጻፍከውን ቬሪሎግ ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌሽን የሚሞክርልህ) እና ጂቲኬዌቭ (የሲሙሌሽኑን ሲግናሎች የሚያሳይህ) ነፃ ናቸው፤ የእናትህን ሰፌድ በስልክ ፎቶ አንሳና ምስሉን ሲሙሌሽኑ ውስጥ አስገባው። ጠጠሩን ከለየልህ ያኔ ስለ ቦርዱ እናወራለን።