ተዋናይት ግለ ታሪኳን ስትጽፍ የሟች ባሏን በደል ልታወጣ ይገባታልን?

መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን፦
ውድ የንባብ ቡድናችን አባላት፣ በዚህ ወር ያነበብነው የአሜሪካዊቷ አንጋፋ የመድረክና የፊልም ተዋናይት የሲሲሊ ታይሰን ግለ ታሪክ ለኅትመት የበቃው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2021 ሲሆን፣ ባለታሪኳ ከሁለት ቀን በኋላ በ96 ዓመቷ ዐርፋለች። በመጽሐፉ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 አግብታው ኋላ የተፋታችው የጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ በሱሱ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር በነበረው ግንኙነትና እጁን በማንሣቱ ያደረሰባትን ሳትሸሽግ ጽፋለች። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ሞተ መልስ ሊሰጥ አይችልም። እንዲህ ያለውን ገመና አደባባይ ማውጣት ተገቢ ነውን? አሳባችሁን ከነምክንያቱ ጻፉልን።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከአንኮበር፦
እኔ ተገቢ አይደለም ከሚሉት ወገን ነኝ። በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው ክፉው አይነሣም፤ ይህም ከይሉኝታ ብቻ የመጣ ሳይሆን፣ የተከሰሰ ሰው ቃሉን ሳይሰጥ ሊፈረድበት አይገባም ከሚል የፍትሕ ስሜት የመነጨ ነው። ደግሞም የተዋናይትን ታሪክ የምናነበው ስለ ጥበቧ ብለን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በታየው የቴሌቪዥን ፊልም ከባርነት ዘመን እስከ ሰብአዊ መብት ትግል የኖረችውን ጄን ፒትማንን ስትጫወት፣ ራሷ ገና አምሳ ዓመት ሳይሞላት የ110 ዓመት አሮጊት ሆና፣ ለነጮች ብቻ ወደ ተፈቀደው የውኃ መጠጫ በዝግታ ተራምዳ፣ ጎንበስ ብላ ውኃውን የምትጠጣበት ትዕይንት ለእኔ ከመቶ ገጽ የትዳር ወቀሳ ይበልጣል።

መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን፦
ወንድሜ፣ የጠቀስከው ትዕይንት እኔንም አስለቅሶኛል፤ ነገር ግን ያን እርምጃ የተራመደችው ሴት ከየት እንደ መጣች የሚነግረን ጓዳዋ ነው። እናቷ ሃይማኖተኛ ነበሩና ልጃቸው ተዋናይ እሆናለሁ ባለች ጊዜ ትያትርን የኃጢአት ሰፈር አድርገው ስላዩት ከቤት አስወጥተዋታል፤ ለረጅም ጊዜም አላነጋገሯትም። (አዝማሪ ልትሆኚ ነው ወይ እየተባሉ ከቤተሰባቸው የተጣሉ የአገራችንን ተዋናዮች ለሚያስታውስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።) ሥራውን ከያዘች በኋላም የጥቁርን ሴት ክብር የሚያዋርድ ሚና አልጫወትም ብላ ያለ ሥራ የተቀመጠችባቸው ጊዜያት ነበሩ። እንግዲህ በመድረክ ላይ ክብርን አጥብቃ የጠበቀች ሴት በገዛ ቤቷ ክብሯ ሲነካ ምን አደረገች ብሎ መጠየቅ ከሐሜት አይቆጠርም፤ የታሪኩ እምብርት ነው።

ሟቹ ቃሉን አልሰጠም ለተባለው ደግሞ፣ ማይልስ እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው የራሱ ግለ ታሪክ ላይ ሴቶችን፣ እርሷንም ጭምር፣ ይመታ እንደ ነበር ተናግሯል። ስለዚህ ቀድሞ ቃሉን የሰጠው እርሱ ነው፤ የእርሷ መጽሐፍ የወጣው ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የሌላውን ሰው ምስጢር እንዴት እንደ ጠበቀችም እናስተውል፤ በ17 ዓመቷ ያረገዘቻትን ልጇን በመጽሐፉ ውስጥ በእውነተኛ ስሟ አልጠራቻትም፤ ሌላ ስም ሰጥታ መጽሐፉን ለእርሷ አበረከተችላት።

ጡረተኛ መምህር፣ ከመንዝ፦
ልጄ መልካም ብላለች፤ እኔ ደግሞ ከአገራችን ላንሣ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ የሰሜን ሸዋ፣ የሰያደብር ተወላጅ ናቸው። የሹማምንቱን ብልሹነት የተናገሩት በአውሬዎች አፍ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ንግሥት ዘውዲቱ ትያትሩን ከለከሉ። የጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም የታተመው ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲሆን፣ በውስጡ ስለ ዘመናቸው ታላላቅ ሰዎች የሚያስቡትን ሳይሸፋፍኑ አስፍረዋል። ያን መጽሐፍ ዛሬ የታሪክ ምንጭ አድርገን ስንጠቅስ፣ ሟች ወቀሱ ብሎ የሚከሳቸው ሰው አልገጠመኝም። ታዲያ ወንድ ስለ መንግሥት ሲጽፍ ታሪክ፣ ሴት ስለ ቤቷ ስትጽፍ ገመና የምንለው በምን ሚዛን ነው? በአገራችን ትያትር መጀመሪያ የሴቶቹን ሚና ወንዶች ይጫወቱት ነበር፤ እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ሲወጡ ከቤተሰብና ከጎረቤት ምን እንደ ሰሙ፣ የዚያ ትውልድ ሴቶች ራሳቸው ካልነገሩን ከማን ልንሰማው ነው?

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከአንኮበር፦
ጋሼ፣ የመኳንንቱ ምሳሌዎ አላሳመነኝም። ሹም በሹመቱ ለሠራው በሕዝብ ፊት ይጠየቃል፤ ባልን ግን ሕዝብ አልሾመውም። እኅቴ የጠቀሰችው የ1989 መጽሐፍ የማይልስን ጉዳይ ያቀለዋል፤ ነገር ግን ነገ አንዲት የእኛ ተዋናይት አንዲት መስመር ሳይጽፍ ስለ ሞተ ሰው ብትጽፍስ? የሟቹ ልጆች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዕድር አብረዋት ይኖራሉ። ደብረ ብርሃን ኒው ዮርክ አይደለችም።

መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን፦
ዕድሩን ማንሣትህ ተገቢ ነው፤ በዚያው ዕድር ውስጥ ግን የተደበደበችው ሴትና የእርሷም ልጆች አሉ። ያየችውን ከሰማችው ለይታ ትጻፍ፤ የሟቹ ልጆች ሌላ የሚያውቁት ካለ እነርሱም ይጻፉ፤ እኛም ሁለቱን እናንብብ። ሲሲሊ ታይሰን እ.ኤ.አ. በ2013 በ88 ዓመቷ መድረክ ላይ ቆማ በኒው ዮርኩ የትያትር ሰፈር በብሮድዌይ ትልቅ የሚባለውን የቶኒን ሽልማት ስትቀበል ይህ ሁሉ ገና አልተጻፈም ነበር። የእኛን አንጋፎች ያን ያህል ዕድሜ የሚያስጠብቃቸው «የሞተ ሰው ክፉው አይነሣም» የምንለው ከሆነ፣ እኔ በግሌ አልደግፈውም።