የብራና ጽሕፈትን የሚመስል ፎንት ለምን በድን ይሆናል?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለደብራችን የክብረ በዓል መጽሔት ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ገጽ በግእዝ ለማስቀመጥ ብዬ፣ ቁም ጽሕፈትን አስመስሎ የተሠራ ፎንት ተጠቀምሁ። ሆሄያቱ ለየብቻ ሲታዩ መልካም ናቸው፤ ገጹ ሲሞላ ግን ከአያቴ የብራና ዳዊት ጋር ሳስተያየው ሕይወት የለውም። ጥፋቱ የፎንቱ ነው ወይስ የእኔ አደራደር?

የእርሳስ ፊደል (አንደኛው መላሽ)፦ ችግሩ ከኅትመት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በአውሮፓ በእርሳስ ፊደል ማተምን የጀመረው ጀርመናዊው ጉተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ ማይንዝ ከተማ ባለ 42 መስመሩን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያትም ያሰበው አዲስ ቅርጽ መፍጠር ሳይሆን፣ አንባቢው በእጅ ጽሑፍ የለመደውን ጥቅጥቅ ያለና ማዕዘናም ጽሕፈት መድገም ነበር። ስለዚህም የላቲን ሆሄያት ከሃያ ብዙም የማይዘሉ ሆነው ሳለ፣ አንዱን ሆሄ አጥብቦም አስፍቶም፣ ሁለት ሆሄያትንም አጣብቆ፣ ወደ 290 የሚጠጉ ቅርጾች አዘጋጀ፤ የመስመሩን ዳር እንደ ጸሐፊ የሚያስተካክለው በእነዚህ ነበር። ርእሶቹ የሚጻፉበትን ቀይ ጽሑፍ ደግሞ በማተሚያ ጀምሮት ሲያበቃ ለእጅ ተወው።

የመቃ ብዕር (ሁለተኛው መላሽ)፦ በግእዝ ሒሳቡ ይከብዳል። ጀርመናዊው ቄስ ዮሐንስ ፖትከን ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 የመጀመሪያውን የግእዝ ዳዊት ሲያሳትም፣ 26ቱ ሆሄያት በሰባት ተባዝተው 182 ቅርጽ ይጠይቁ ነበር፤ የዛሬ ፎንት ሠሪም ለእያንዳንዱ ሦስት መልክ ልስጥ ቢል 546 ይቀርጻል። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ በአንድ መልክ ይቆማሉ። ከአንድ ቁም ጸሐፊ አጠገብ ተቀምጬ እንዳየሁት ግን፣ መቃው ቀለም ጠቅሶ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹ ሆሄያት ይጠቁራሉ፤ ቀለሙ ሲሟጠጥ የ«ለ» እግር ይሳሳል፤ ዓምዱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሆሄያቱ ይጠጋጋሉ። እርስዎ ፎንቱን መለወጥ ባይችሉም ዓምዱን ለሁለት ከፍለው ያጥብቡት፤ የመክፈቻውን መስመር በቀይ ያድርጉ። ለመሆኑ በቃላቱ መካከል ሁለት ነጥብ አለ?

ጠያቂ፦ የለም፤ እንደ ዛሬ አጻጻፍ ባዶ ቦታ ነው የተውሁት።

የመቃ ብዕር፦ እንግዲያው ገጹን ያሳሳው በዋናነት እርሱ ነው። በብራና ላይ «፡» ቃላትን ከመለየቱ በላይ ክፍተቱን በቀለም ሞልቶ መስመሩን እንደ ጥልፍ ያያይዘዋል። መልሰው ያስገቡትና ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ይዩአቸው።

ጠያቂ፦ አስገባሁት። ገጹ ጠቆር ብሎ ተያያዘ፤ የ«ለ» እግሮች ግን አሁንም መንታ ናቸው።