የ3 ወሩ ፕሮፖዛል፦ ሦስተኛው ረቂቅ፣ አስተያየት እስከ ዓርብ

አስተባባሪ፦ ሦስተኛው ረቂቅ ተያይዟል። ሐሳቡ ያው ነው። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን 6 የኤሌክትሪክ ኃይል መምህራን ኃይል አመንጪና አስተላላፊ ድርጅቶች ውስጥ ለ3 ወር ይሠራሉ፤ መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ፕሮቴክሽን (መስመሩንና መሣሪያውን ከብልሽት የሚጠብቀው ክፍል)፣ ጥገና። የድርጅቶቹ መሐንዲሶች ደግሞ እኛ ጋ መጥተው ያስተምራሉ። ዋናው አንቀጽ 4 ነው። መስመር ላይ ፎልት (ብልሽት) ሲፈጠር ሪሌዮች፣ ማለትም ብልሽቱን አይተው መስመሩን የሚያስቆርጡት መሣሪያዎች፣ የሚመዘግቡትን ዳታ ለትምህርትና ለምርምር እንድናገኝ ይጠይቃል። እባካችሁ፣ እንዳለፈው ዓመት እንዳይሆንብን።

ሎድ ፍሎው፦ ለአንቀጽ 4 ብቻ ስል እፈርማለሁ። ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ የሚሠሩት 118 ባስ (መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ) ባለው የሙከራ ኔትወርክ ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1962 ከነበረው የአሜሪካ ሲስተም የተቆረጠ ነው። ዛሬ የነፋሱም የፀሐዩም ኃይል ኢንቨርተር በሚባለው ኤሌክትሮኒክ መቀየሪያ በኩል እየገባ በእሱ ብቻ ማስመረቅ ያሳፍራል።

ባለ ሪሌዩ፦ የአንቀጽ 4ን የሚስጥር ጥበቃ ክፍል ለእኔ ተዉት። ሰኞ ይደርሳችኋል።

ሲንክሮነስ፦ አንቀጽ 2 ላይ «ሠልጣኝ መምህር» የሚል አየሁ። ማን ነው የጻፈው? እዚያ ኃላፊ የሆኑት እኔ ያስመረቅኳቸው ልጆች ናቸው። ደረቴ ላይ «ሠልጣኝ» የሚል ባጅ ለጥፌ ተማሪዬ ፊት አልቆምም።

አስተባባሪ፦ ፕሮፌሰር፣ ቃሉ የመጣው ከድርጅቶቹ ነው። የደህንነት ሥልጠና ያልጨረሰ ሰው ማከፋፈያ ጣቢያ ብቻውን አይገባም። ያልጨረሰ ሁሉ በእነሱ መዝገብ ሠልጣኝ ነው። ከማዕረግ ጋር አይገናኝም።

ሲንክሮነስ፦ ለእነሱ አይገናኝም ይሆናል። ለእኛ ይገናኛል። «አማካሪ» ይባል።

ገንዘብ ያዥ፦ አማካሪ ካልን ክፍያ ይመጣል። ክፍያ ከመጣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ድርሻችን ይላሉ። ደግሞስ መምህሩ 3 ወር ሲሄድ የሚተካውን ማን ይከፍለዋል? አንቀጽ 6 ባዶ ነው። አንድ ሰው ይመልስልኝ።

ሎድ ፍሎው፦ «ተጋባዥ ተመራማሪ» ብንልስ?

ከሜዳ፦ 11 ዓመት ፈረቃ ሠርቼ ነው ወደ ማስተማር የመጣሁት። አማካሪ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ልንገራችሁ። ስብሰባ ክፍል እናስገባዋለን፣ ስላይድ እናሳየዋለን፣ እንሸኘዋለን። ሠልጣኝ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መስመር ከአገልግሎት ሲወጣ ከዲስፓቸሩ፣ ኃይሉን ከመቆጣጠሪያ ክፍል ከሚመራው ሰው፣ አጠገብ ነው። የቱ ብሬከር (መስመር መቁረጫ) ቀድሞ እንደተከፈተ ያያል። መጽሐፉ ዞን 3፣ ማለትም ሪሌዩ ከራሱ መስመር አልፎ ሩቅ የሚያይበት ደረጃ፣ መጠባበቂያ ነው ይላል፣ እናንተም እንደዚያው ታስተምራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ጨለማ ውስጥ ሲቀር፣ ሳሚስ ስታር የተባለውን 345 ኪሎ ቮልት መስመር የቆረጠው ዞን 3 ነበር። ሾርት አልነበረም። ጭነቱ በዝቶ ቮልቴጁ ወርዶ ሪሌዩ ፎልት መሰለው። እንዲህ ያለውን ለማየት ነው የምንሄደው መስሎኝ።

ሲንክሮነስ፦ አንቺ ከዚያው ስለመጣሽ ይቀልሻል።

ከሜዳ፦ ይቀለኛል? እዚህ ስመጣ «ፒኤችዲ የላትም» ተብዬ 2 ዓመት ላቦራቶሪ ቁልፍ ስጠብቅ ነበር። ማዕረግ ምን እንደሆነ ያኔ በደንብ ተምሬያለሁ።

አዲስ ገቢ፦ እኔ አዲስ ነኝ፣ ካጠፋሁ ይቅርታ። አሜሪካዊቷ ኤዲት ክላርክ ከኤምአይቲ ማስተርስ ይዛ ጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ስትገባ የሰጧት ሥራ ስሌት የሚሠሩ ሴቶችን መቆጣጠር ነበር። መሐንዲስ የተባለችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1947 ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነች። የሦስት ፌዝ ስሌትን የሚያቀልለውን፣ በስሟ የሚጠራውን ትራንስፎርሜሽን ሁላችንም እናስተምራለን።

ሲንክሮነስ፦ ምሳሌ ከተባለማ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሽዋይትዘር አለ። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳለ ኩባንያ አቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ዲጂታል ሪሌይ ለገበያ አቀረበ። ሠልጣኝ ነኝ ብሎ የማንንም በር አላንኳኳም።

ሎድ ፍሎው፦ እሱማ ሪሌይ ይዞ ሄደ። እኛ ምን ይዘን ነው የምንሄደው?

ሲንክሮነስ፦ ይህን ለማን ነው የምትለው?

አስተባባሪ፦ በቃ፣ ነገሩ ይብረድ። ባለ ሪሌዩ፣ ሰኞ አለፈ። ረቡዕም አለፈ። የት ደረስክ?

ገንዘብ ያዥ፦ አንቀጽ 6ን አሁንም ማንም አላየውም።

ሲንክሮነስ፦ ትናንት በዝቶብኝ ከሆነ ይቅርታ። ከሜዳ፣ የላቦራቶሪውን ነገር አላውቅም ነበር።

ከሜዳ፦ ያውቃሉ። ደብዳቤው ላይ ፊርማዎ አለ። ግድ የለም፣ ይለፍ።

አስተባባሪ፦ በስሙ ላይ ድምፅ ተሰጥቷል። «የኢንዱስትሪ ፌሎው» በ9 ድምፅ አለፈ፣ «ተጋባዥ ተመራማሪ» 4፣ «ሠልጣኝ» 1። የአንዷን ድምፅ ማን እንደሰጠች አልናገርም።

ድርጅቶቹን ደውዬ ጠይቄያለሁ። ፌሎው የሚባል ምድብ የላቸውም። ሠልጣኝ ካልሆነ በእነሱ መዝገብ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ በአጃቢ ይገባል፣ ቢበዛ 2 ቀን። ስለዚህ በአራተኛው ረቂቅ 3 ወሩን በ2 ቀን የሥራ ጉብኝት ተክቼዋለሁ። የሚስጥር ጥበቃው ክፍል ስላልደረሰ የዳታውን ጥያቄ ለጊዜው አውጥቼዋለሁ። በምትኩ የግማሽ ቀን አውደ ጥናት አለ። ሁለት ሰዎች እንዲያቀርቡ እፈልጋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ 2 ቀን ከሆነ ተተኪ መምህር አያስፈልግም። አንቀጽ 6 ይሰረዝ። ከነበሩት ረቂቆች ሁሉ የተሻለው ይሄ ነው።

ሲንክሮነስ፦ አውደ ጥናቱን እኔ እመራዋለሁ።

ሎድ ፍሎው፦ እንግዲህ ወደ 118 ባሳችን።

ከሜዳ፦ የእኔን ስም ከጉብኝቱ ዝርዝር አውጡልኝ። የቀድሞ አለቃዬን አነጋግሬያለሁ። በክረምቱ እረፍት ከአዲስ ቅጥሮች ጋር የደህንነት ሥልጠናውን እወስዳለሁ፣ ከዚያ 6 ሳምንት ፕሮቴክሽን ክፍል።

አዲስ ገቢ፦ ከሜዳ፣ አንድ ሰው መጨመር ይቻላል? በውስጥ ጽፌልሻለሁ።

ባለ ሪሌዩ፦ ይቅርታ፣ የፈተና እርማት ይዞኝ ነው። የሚስጥር ጥበቃውን ክፍል ጨርሻለሁ፣ 5 ገጽ ሆነ። አንቀጽ 4 ግን የት ሄደ? አራተኛው ረቂቅ ላይ አጣሁት።